የራምቦ ቤት እውነቱን ይናገር፦ ለሐረር የቅርስ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ

በሐረር የቅርስ፣ የሙዚየምና የቱሪዝም ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ
ግልባጭ፦ በጀጎል በሮች ለምትቆሙ ወጣት አስጎብኚዎች
ጉዳዩ፦ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ይመለከታል

እንደምን ከረማችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ ቱሪስት አስጎበኝ ነበር። ፈቃድ የለኝ፣ ባጅ የለኝ። የነበረኝ የተሰባበረ እንግሊዝኛና ብዙ ድፍረት ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፈረንጅ ከታክሲ ሲወርድ ከጓደኞቼ ጋር እሽቀዳደማለሁ። ቀድሜ የደረስኩ ቀን እንግዳዬን መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሃል አሳልፌ ወደ ራምቦ ቤት እወስደዋለሁ። ፎቅ ላይ አወጣውና ባለቀለሙ መስታወት ጋ አቆመዋለሁ። "ራምቦ እዚህ መስኮት ሥር ተቀምጦ ነው ግጥሞቹን የጻፈው" እለዋለሁ። ቀይና ሰማያዊው ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፍበታል። ፈረንጁ ዝም ይላል። የዚያን ቀን ጉርሻ ጥሩ ነው።

ራምቦ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ለሰፈራችን ልጆች ራምቦ ማለት ቪዲዮ ቤት ያየነው ጡንቻማ ተኳሽ ነው። ግጥም መጻፉ ራሱ ትንሽ ይገርመን ነበር።

አንድ ቀን የመጣው እንግዳ ህንዳዊ ሆነ። ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። የለመድኩትን ወሬ ስጀምር አልሰሙኝም። የደረጃውን እንጨት ይዳብሳሉ። ጣሪያውን አንጋጠው ያያሉ። ወደ ውጭ ወጥተው ፊት ለፊቱን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። በመጨረሻ "ይህን ቤት ማን ሠራው?" አሉኝ። "ራምቦ" አልኩ፣ ሳልሳቀቅ። ሳቁ። "ልጄ፣ ይህ የአያቴን ቤት ነው የሚመስለው" አሉኝ።

ጉርሻም ሰጡኝ። ሳቃቸው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው።

ቤቱን ያላያችሁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ጀጎል ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ ዓይን የሚይዝ ነው። ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው። ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቱ ባለቀለም መስታወት ነው። ከላይ ሆኖ ከተማዋን ማየት ይቻላል። አሁን ሙዚየም ነው፤ የራምቦና የድሮዋ ሐረር ፎቶዎች አሉበት። ሐረር ሄዶ ሳያየው የሚመለስ ፈረንጅ ካለ ጥቂት ነው።

ችግሩ አርተር ራምቦ አልኖረበትም። ሊኖርበትም አይችልም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ራምቦ የሞተው ማርሴይ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ኅዳር 10 ቀን 1891 ነው። ቤቱ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ሐረሪዎች የራሳቸውን ቤት ጌ ጋር ይሉታል፤ ውስጡ በነደባ (በመቀመጫ መደብ) ከፍና ዝቅ ያለ፣ ወደ ግቢው የዞረ ቤት ነው። ፎቅና የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት የመጣው ህንዶቹ ነጋዴዎች ከ1887 በኋላ ወደ ከተማዋ ሲገቡ ነው። ዩኔስኮ በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንኑ ጽፏል። እንግዳዬ የሳቁት መጽሐፍ አንብበው አይደለም። እንጨቱን ዳብሰው ነው።

አንዳንዶች ቤቱ የቆመው ቀድሞ የራምቦ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው ይላሉ። ይሁን። እንግዲያው "ይባላል" ብለን እንጻፈው። በአማርኛ "ይባላል" የምትል ቃል ያለችው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ቤቱን ዝጉት ማለቴ አይደለም፣ ስሙንም ፋቁት አልልም። ሰው ለምዶታል፣ ባጃጅ ነጂው በዚያ ስም ነው የሚያውቀው። የምለው ቤቱ እውነቱን ይናገር ነው። ያውም በሩ ላይ፣ በትልቁ፣ ገና ሳይገባ። ግድግዳ ላይ ምንም ቢጻፍ ሰው የሚያምነው ስሙን ነው። "የራምቦ ቤት" ከተባለ ኖሮበታል ብሎ ይገባል፣ ኖሮበታል ብሎ ይወጣል።

"እንጀራችንን አትዝጋ" የሚለኝ አስጎብኚ እንደሚኖር አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔም በዚያው እንጀራ ያደግኩ ነኝ። ግን አስበው። ለራምቦ ብሎ ከፓሪስ ሐረር ድረስ የሚመጣ ሰው የሕይወት ታሪኩን ሳያነብ አይመጣም። መቼ እንደሞተ ያውቃል። አንተ መስኮቱን ስታሳየው አንገቱን የሚነቀንቀው አምኖህ ሳይሆን አክብሮህ ነው። ማታ ሆቴሉ ሲገባ ግን ለሚስቱ ይነግራታል፣ ይስቃሉ። ደግሞስ ሐረር ምን ጎድሏት ነው? 82 መስጊድ፣ 102 አዋች (የወልዮች መካነ መቃብር) ያላት ከተማ ናት። ከዚያው ከራምቦ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም አለ። አንድ ሰው በራሱ ጥረት የጥንት መጻሕፍትን ከየቤቱ ለቅሞ፣ ጠግኖ፣ ያስቀመጠበት ነው። እሱን ቤት ለማድመቅ ማንም ተረት መጨመር አላስፈለገውም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ እውነተኛው ታሪክ እኔ ከፈጠርኩት የተሻለ መሆኑ ነው።

ሰውየው ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ ነው፣ በ26 ዓመቱ። ከዘይላ ተነስቶ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ሃያ ቀን አቋርጦ። ግጥም የሚባለውን ነገር ከጣለው ዓመታት አልፈዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ስሙ እየገነነ ሲሄድ እሱ እዚህ ቡና ይመዝናል። ኤደን ላለው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይገዛል። ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሲደማመር ወደ አምስት ዓመት ሐረር ኖሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጻፈው የሚባል አንድም ግጥም አልተገኘም። የጻፈው ደብዳቤ ነው። ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለነጋዴ ባልደረቦቹ። ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ግመል፣ ስለ መሰልቸት። ስለ ኦጋዴን የጻፈው ዘገባም አለ፤ የፈረንሳይ ጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አትሞለታል። ጅቡቲ አጠገብ ታጁራ ላይ ሆኖ ከፈረንሳይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንዲላክለት ጠይቋል። ይህቺን ሳነብ ለምን እንደሆነ አላውቅም ሰውየውን ወደድኩት። እኔም እኮ እንግሊዝኛዬን በመዝገበ ቃላት ነበር የማሳድደው።

በ1883 የፎቶ ካሜራ አስመጣ። ሦስት ጊዜ ራሱን አነሳ። አንዱ ላይ የቤቱ ሰገነት ላይ ቆሟል፣ ሁለተኛው ላይ ቡና አትክልት ውስጥ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ሙዝ መሃል እጁን አጣምሮ። ለእናቱ ሲልክ ፎቶዎቹ ነጣ ያሉት የማጥበው ውሃ መጥፎ ሆኖ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። እዚያው ደብዳቤ ላይ ልጅ ቢኖረኝ ይላል፤ በደንብ አሳድጌው፣ አስተምሬው፣ ስመ ጥር መሐንዲስ ሆኖ ባየው። ልጅም አልወለደም።

እስቲ ይህን ፎቶና ይህን ደብዳቤ ጎን ለጎን ስቀሉት። በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በኦሮምኛ። በፈረንሳይኛማ ፈረንሳዮቹ አላቸው። ከመስኮቱ ተረት አይበልጥም?

ሰገነቱን ካነሳን፣ ያ ሰገነት የት ነው? ባርዴዎች ሐረር ላይ የተከራዩት ቤት ፈረስ መጋላ ነበር። ከተማዋን በ1875 የያዙት ግብጾች ናቸው፤ ቤቱም የመጀመሪያው ገዥ የራኡፍ ፓሻ መኖሪያ የነበረ ነው። ራምቦ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያደረው፣ የሠራው፣ የታመመው እዚያ ነው። እንግዲህ እኔ በየቀኑ ፈረንጅ የምጠልፍበት አደባባይ ላይ ማለት ነው! እውነተኛውን ቦታ በእግሬ እየረገጥኩ ወደ ሐሰተኛው እወስዳቸው ነበር። ፈረስ መጋላ ላይ አንዲት ሰሌዳ ብታቆሙ ምን ይላችኋል? "ቤቱ አሁን የለም። እዚህ አካባቢ ነበር።" ይኸው ነው። የሌለን ቤት ማሳየት ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ። እኔን የገረመኝ አደባባይ ላይ ቆሜ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ነው እንጂ ፎቅ ላይ አልነበረም።

በ1888 ተመልሶ የራሱን ንግድ ሲከፍት የተቀመጠበትን ቤት በተመለከተ ግን ማንም ደፍሮ "ይህ ነው" ሊል አይችልም።

አሁን ወደሚያስቸግረው ልግባ። ቤቱ እውነት ይናገር ካልን የማይመቸውንም ይናገር። ራምቦ ጠመንጃ ነጋዴ ነበር። በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነስቶ ወደ ሸዋ ለምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ሸሪኩ ላባቱ ሞቶበታል። አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም። እንጦጦ ሲደርስ ዋጋው ወረደበት፣ የሟች ሸሪኩ አበዳሪዎችም ተሰለፉበት። የቀረችውንም ሂሳብ ያኔ ደጃዝማች የነበሩት መኮንን ሐረር ላይ እንዲከፍሉት ታዘዘ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በጥር 1887፣ ምኒልክ ሐረርን ለመያዝ በተዋጉበት ጨለንቆ ላይ ምን እንደሆነ ለሐረር ሰው አልነግርም። ይህ ክፍል ያለ ጨለንቆ አይነገርም፤ ጠመንጃ የሚባለው ነገር ሐረር ውስጥ ትዝታው ቀላል አይደለም።

ባሪያም ይነግድ ነበር እየተባለ ለብዙ ዓመት ተወርቷል። በባሪያ ንግድ ለመሰማራቱ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲልክለት ይጠይቃል። ኢልግ በ1890 ሲመልስለት ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም ብሎታል። ሁለቱም ነገሮች አብረው ይጻፉ። አንዱን ብቻ የጻፈ ወይ ያቆለጳጵሰዋል ወይ ይከሰዋል።

ከዚህ ቤት የጎደለውን ሰው ልንገራችሁ። ጃሚ ይባላል። የሐረር ወጣት ነው፣ የራምቦ አገልጋይ። ራምቦ በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ቃሬዛውን ራሱ ነደፈ። አሥራ ስድስት ሰው ተሸክሞት ሚያዝያ 7 ቀን ከሐረር ወጣ፣ ወደ ዘይላ። በሁለተኛው ቀን ግመሎቹ ከኋላ ቀርተው በረሃ ላይ ዝናብ መጣ። ድንኳን የለም። መንቀሳቀስ የማይችለው ሰው አሥራ ስድስት ሰዓት ዝናብ ሥር ተዘርሮ ቆየ። ማርሴይ ሲደርስ ቀኝ እግሩን ቆረጡት። ራስ መኮንን ሰምተው ከሐረር የማጽናኛ ደብዳቤ ጽፈውለታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ትኩሳቱ ሲያቃዠው አጠገቡ ያለችውን እህቱን "ጃሚ" እያለ ይጠራት ነበር። ሲሞት 3,000 ፍራንክ ለጃሚ እንዲደርስ አደራ አለ። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ግን ጃሚም ሞቶ ነበር። ለወራሾቹ ተሰጠ።

ጃሚ ግን የጀጎል ልጅ ነው፤ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል በስሙ ብትሆን ማን ይከፋዋል? አሥራ ስድስቱ ተሸካሚዎችም አሉ። የአብዛኞቹ ስም አልተረፈልንም፤ ቁጥራቸው ግን ተርፏል። ቁጥሩ ይጻፍ። ራምቦ ካነሳቸው ፎቶዎች አንዱ ላይ በአምዶች መሃል መሬት ላይ ተቀምጦ የቆዳ ከረጢት የሚሠራ ሰው አለ። እሱ ሰውዬ ስንት ጊዜ በዓለም መጽሐፍ ላይ ታትሟል መሰላችሁ። አንድ የሐረር ሽማግሌ ቁጭ ብለው ያ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ከረጢቱ ምን ይባል እንደነበር፣ ቡናው እንዴት ይጫንበት እንደነበር ቢያስረዱ ፈረንሳይ ያለ ሙዚየም ሊኖረው የማይችለውን ነገር አገኛችሁ ማለት ነው።

ፈረንሳይ ካልን፣ የተወለደባት ሻርልቪል ሁለት ቦታ አላት። አንዱ በመዝ ወንዝ ላይ ያለ የድሮ ወፍጮ ቤት ነው፣ የራምቦ ሙዚየም የሆነ። ሌላው ከፊት ለፊቱ ያለው፣ በእርግጥም በልጅነቱ ከ1869 እስከ 1875 ከእናቱ ጋር የኖረበት ቤት ነው። እነሱ ራሱ የኖረበትን ቤት ቢያገኙም አልጋና ወንበሩን ደርድረው "እዚህ ተኛ፣ እዚህ በላ" አላሉም። ቤቱን ለተጓዘባቸው አገሮች ማሳያ አደረጉት። ወፍጮ ቤቱን ደግሞ ወፍጮ ቤት ይሉታል፤ አላፈሩበትም። እኛም የህንዳዊውን ነጋዴ ቤት የህንዳዊ ነጋዴ ቤት ብንለው ምን እናጣለን? እንዲያውም ሁለት ታሪክ እናገኛለን። ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ አናጺ አሠልፎ፣ ጣሪያ አስቀልሞ፣ ባለቀለም መስታወት እስከ ሐረር ያስመጣ ሰው ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። ያ ባለቀለም ብርሃን የራምቦ ሳይሆን የእሱ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሰረቅሁበት!

(የራሳችን ደራሲዎች ቤትስ የት አለ የምትሉ አትጠፉም። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ምናልባትም የበለጠ የተቆጣ።)

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብዳቤዎቹ ታትመዋል፣ ፎቶዎቹ ይታወቃሉ፣ ትርጉሙን የሚሠራ ፈረንሳይኛ አዋቂ በሐረርም በድሬዳዋም ይገኛል፤ የባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛ ገና ጨርሶ አልሞተም። ፈቃደኞች ከሆናችሁ የፈረስ መጋላውን ሰሌዳ ወጪ እኔ እችላለሁ። ልጅ ሳለሁ ከመስኮቱ ሥር የሰበሰብኩት ጉርሻ ዛሬ ቢመነዘር አንድ ሰሌዳ አያቅተውም።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን እናንተ ወስኑ። አስጎብኚዎቹን ግን ሰብስባችሁ አንብቡላቸው። ከሁሉ በፊት ትንንሾቹን፣ ፈቃድ የሌላቸውን፣ ታክሲ ሲቆም የሚሮጡትን። እነሱ ናቸው ለሰው የሚነግሩት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፈረስ መጋላ ልጅ፣ ፈቃድ የለሽ አስጎብኚ